በረዶ፣ ውርጭ፣ አመዳይ

በየዓመቱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ደግሞም መስከረም ሲጠባ፣ በስልካችን አንድ ዓይነት ፎቶ ይዘዋወራል። መሬቱ ነጭ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ነጭ ነው፤ ልጆች በሁለት እጃቸው አፍሰው ይስቃሉ። ከሥሩ «ጎንደር አውሮፓን መሰለች» የሚል ጽሑፍ ይከተላል። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ይደውልና «እዚያም በረዶ ይጥላል እንዴ?» ይላል። የአገር ቤቱ ሰው ደግሞ «ታዲያ! ለእናንተ ብቻ መሰላችሁ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም «በረዶ» ይበሉ እንጂ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

የምኖረው ትክል ድንጋይ ነው፤ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው፣ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ሰማይ መመልከት ግን ከሥራዬ ይልቅ ልማዴ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የዘነበበትን ቀን፣ ሰዓቱንና መጠኑን በደብተር እጽፋለሁ። መሣሪያዬ አንድ ወጥ ስፋት ያለው ጣሳና የተማሪ ማስመሪያ ነው። በጣሳው ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ከተጠራቀመ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። ከዚህ የተወሳሰበ ሒሳብ የለበትም።

በደብተሬ ውስጥ ለነጩ ነገር ሦስት ዓምዶች አሉ፤ አንዱ ድንጋይ ሆኖ ለሚወርደው፣ አንዱ ሌሊት መሬት ላይ ለሚያድረው፣ አንዱ ደግሞ እንደ ባዘቶ ጥጥ ለሚረግፈው። የመጨረሻው ዓምድ በትክል ድንጋይ ባዶ ነው፤ ባዶ ሆኖም ይኖራል። ጓደኞቼ «ሁሉም በረዶ አይደለም ወይ? ምን አከፋፈለህ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ለምን እንደምከፋፍለው ዛሬ ልንገራችሁ።

በድንጋዩ በረዶ ልጀምር። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ይህ በረዶ፣ የብርድ ሳይሆን የሙቀት ልጅ ነው ቢባል አያስኬድም አይባልም። ረፋዱን ፀሐይ ምድሩን ታግላለች፤ የሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው እንደ ተራራ ይቆለላል። የዚህ ደመና አናት ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ሊወጣ ይችላል። በውስጡ ያለው ወደ ላይ የሚነዳ ነፋስ የውሃ ጠብታዎችን ይዞ ይወጣል። ጠብታዎቹ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆነውም ሳይረጉ ይቆዩና ጠጣር ነገር ሲነኩ ወዲያው ይረጋሉ። በዚህ ዓይነት አንዲት የበረዶ ፍሬ ጠብታ በጠብታ ላይ እየለበሰች ትወፍራለች፤ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ትወድቃለች። ተለቅ ያለች ፍሬ አግኝታችሁ ለሁለት ብትሰነጥቋት እንደ ሽንኩርት ንብርብር ታያላችሁ።

ለምን ደጋውን መርጦ ይመታል ለሚለውም መልስ አለ። በዝናብ ወራት በእኛ ሰማይ ላይ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው በግምት ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በታች ያለው አየር ሁሉ በረዶን የሚያቀልጥ ነው። ሁመራ ወደ 600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ወደዚያ የምትወድቅ ፍሬ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሞቃት አየር ማቋረጥ አለባት፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ሆና ትደርሳለች። ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነች፤ የፍሬዋ መንገድ በእጅጉ ያጥራል። ወገራና ዳባት ላይ ደግሞ ከዚያም ያጠረ ነው። ደጋ መሆናችን በረዶውን አይፈጥረውም፤ ሳይቀልጥ እንዲደርሰን ግን ያደርጋል።

ሌላም ጠባይ አለው። ዝናብ አገር ያዳርሳል፤ በረዶ አያዳርስም። ደመናው እየተጓዘ ስለሚጥለው፣ የሚመታው መሬት እንደ መቀነት ርዝመት ያለው ሆኖ ወርዱ ግን ጠባብ ነው። ከአንዱ ማሳ ጤፉ ከመሬት ሲሰፋ፣ የድንበር ጎረቤቱ ማሳ ዝናብ ብቻ ጠጥቶ ይቀራል። ይህ የተፈጥሮ ጠባይ ነው፤ ሰው ግን ዝም ብሎ አያየውም። «ለምን የእሷ ብቻ?» ይላል።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆነው ይኸው ነው። በእኔ ጣሳ የገባው ንጹሕ ዝናብ ነበር፤ አንዲት የበረዶ ፍሬ እንኳ ግቢዬ አልወደቀችም። ከእኔ ቤት ብዙም የማይርቀው የጎረቤቴ ማሳ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ነጭ ሆነ። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያች ማሳ የምታሳድግ ሴት ናት። ጤፉ ማሸት ጀምሮ ነበር። በረዶው ሽምብራ ያህል ነበር፤ ላሸተ ጤፍ ግን ከዚያ የሚበልጥ አያስፈልገውም።

በሳምንቱ መጨረሻ ወሬው ተነሳ። በዓል ሽራለች፤ በበዓል ቀን አርማለች፤ መዓቱን የጠራችው እሷ ናት ተባለ። ይህ እምነት በአገራችን የቆየ ነው። በረዶን በጸሎትም በሌላ ጥበብም ይመልሳሉ የሚባሉ ሰዎች የነበሩትም፣ በበዓል ቀን እርሻ የሚከለከለውም ከዚሁ ፍርሃት ጋር ተያይዞ ነው። በዓል ማክበር መልካም ነው፤ እኔም አከብራለሁ። አንዲት ሴት ማሳዋን ባጣች ሳምንት የጎረቤት ፊት ሲዞርባት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው ከቤቷ መቅረት ጀመረ። እሷም ከቤት መውጣት ተወች።

ልጠይቃት ሄድኩ። ቡና አፍልታ፣ ዓይኗን ከረከቦቱ ሳታነሳ፣ «መምህር፣ እርስዎ ሰማይ ሲያዩ ነው የሚውሉት። እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ነኝ ያመጣሁት?» አለችኝ።

«አይደለም እትዬ» አልኳት። ግን «አይደለም» ማለት ብቻውን ለሷ ምንም እንደማያደርግላት ገባኝ። ወሬ በወሬ አይመለስም።

በማግስቱ ከትልቁ ልጇ ጋር ወጣን። የተመታውን መሬት ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለካን። የተጎነበሰ ሰብል፣ የተበሳ የጎመን ቅጠል፣ የረገፈ የዛፍ ቅጠል ባየንበት ሁሉ ምልክት አደረግን፤ ምልክት የጠፋበት ላይ ስንደርስ መስመር አሰመርን። ከሸንተረሩ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ቀጥ ብሎ የወረደ መቀነት ወጣ፤ ወርዱ ሦስት መቶ እርምጃ እንኳ አይሞላም። በመቀነቱ ውስጥ የገባው የእሷ ማሳ ብቻ አልነበረም። ሰው የማይኖርበት ቁጥቋጦ ነበረበት፤ የአንድ በጣም የተከበሩ ሽማግሌ ጓሮ ነበረበት፤ የቤተ ክርስቲያኑም መሬት ጥጉ ተመትቶ ነበር። እነዚያ ጉዳታቸው ትንሽ ስለሆነ ማንም አላወራላቸውም።

ሥዕሉን ይዤ ወደ ቄሱ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ጣታቸውን በቤተ ክርስቲያኑ መሬት ላይ አሳርፈው «እኛም አለንበት እኮ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ሰብስበው፣ «ይሄን ለኔ ተወው» አሉኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምን እንደተናገሩ በቃል አላስታውሰውም፤ ፍሬ ነገሩ ግን መዓት ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያንን አብሮ አይመታም፤ የተመታን ሰው መውቀስ ግን ራሱ ኃጢአት ነው የሚል ነበር።

የተጣደፍኩት ለስሟ ብቻ አልነበረም። በመስከረም መጀመሪያ የተመታ ጤፍ አይመለስም፤ መሬቱ ግን ገና እርጥብ ነው። በዋልካ መሬት ላይ ቶሎ ተገልብጦ ሽምብራ ወይም ጓያ ቢዘራበት በቀረው እርጥበት ይደርሳል። ይህ ዕድል የቀናት ጉዳይ ነው፤ አንድ ሁለት ሳምንት በሐዘንና በሐሜት ካለፈ ያልፋል። ደብተሬን ገልጠን ባለፉት ዓመታት ዝናቡ እስከ መቼ እንደዘለቀ አየን። በአብዛኞቹ ዓመታት ከመስቀል በኋላም ጥቂት ዝናብ ነበር። «እንዝራው» አለች። ቄሱ ከተናገሩ በኋላ ደቦ ወጣላት፤ ዘሩን ጎረቤት አዋጣ። ሽምብራው እንደ ጤፉ አልሆነም፤ ነገር ግን ልጆቹ ዓመቱን በትምህርት ቤት ጨረሱ።

ሁለተኛው ዓምድ ድምፅ የለውም። ውርጭ ከሰማይ አይወርድም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ይጠራል፤ አየሩ ይደርቃል፤ ነፋሱ ይተኛል፤ ሌሊቱም ይረዝማል። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ጋቢው ሲገፈፍ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ወደ ሰማይ ይሸሻል። ከመሬት ጋር የተነካካው አየር ይበርዳል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ረባዳው ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ነው በአንድ መንደር የተዳፋቱ ባቄላ ደኅና ሆኖ የረባዳው የሚቃጠለው።

አየሩ ትንሽ እርጥበት ካለው ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር እናያለን፤ አመዳይ የምንለው እሱን ነው። አየሩ ፈጽሞ ደረቅ ከሆነ ግን ነጩ ነገር ሳይታይ ቅጠሉ በውስጡ ይረጋል፤ እኩለ ቀን ላይ ጠቁሮ ይገኛል። ገበሬው «ውርጭ አቃጠለው» የሚለው በትክክል ነው። የሬዲዮው ትንበያ ዝቅተኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው ቢልም አትዘናጉ። የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት በላይ የሰው ቁመት ግድም ከፍታ ላይ በጥላ ውስጥ ነው፤ በዚያች ሌሊት ሣሩ ላይ ያለው ሙቀት ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል።

ከበረዶ ይልቅ ለውርጭ መላ አለው። ሰማዩ ማታ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ፣ የጓሮ ችግኝን በጭድ ወይም በጨርቅ መሸፈን፤ ጠዋት መግለጥ። በዋዜማው ቀን አፈሩን ማጠጣት፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ለሰብሉ ደግሞ ረባዳውን ቀድሞ ለሚደርስ ዘር መስጠት፣ አበባው ከታኅሣሥ ሌሊቶች ጋር እንዳይገናኝ። የወገራና የደባርቅ ገበሬዎች ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ እኔ ያደረግሁት ቀኑን መጻፍ ነው።

ሦስተኛው፣ የውጭዎቹ ዘመዶቻችን አካፋ ይዘው ከደጃፋቸው የሚጠርጉት፣ ለእኛ የተለየ የዘወትር ስም የሌለው ነው። በግዕዝ ሐመዳ የሚባል ቃል አለ፤ የእኛም አመዳይ ከእሱ ጋር ይቀራረባል። ይህ እንደ ድንጋዩ በረዶ አይደበድብም፤ በደመናው ውስጥ ከእንፋሎት በቀጥታ ተሠርቶ፣ ባለ ስድስት ጎን ሆኖ፣ በዝግታ ይረግፋል።

ይህ ነገር በአገራችን የለም የሚሉ አሉ። አለ፤ ጎረቤታችን ነው። በአዱሊስ የነበረውና በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ መንገደኛ የገለበጠው ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከተከዜ ማዶ በስሜን ተራሮች ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደነበረ ይናገራል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በላማልሞ በኩል ወደ ጎንደር ሲያልፍ ይህን ወሬ ተጠራጥሮት ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ግን እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የስሜን ተራሮች በረዶ እንደሚለብሱ መሰከረ። ተራሮቹ ራሳቸውም ይመሰክራሉ። ሃንስ ሁርኒ የተባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ እንዳጠናው፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በስሜን ከፍታዎች ላይ የማይቀልጥ የበረዶ ግግር ነበር። ዛሬ ግግሩ የለም፤ የሚጥለው በሰዓታት ውስጥ ይቀልጣል።

ለምን ራስ ዳሸን ላይ ይጥላል፣ ለምን ትክል ድንጋይ ላይ አይጥልም ለሚለው አንድ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። በአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ግድም ይቀንሳል። ጎንደር በዝናብ ሌሊት 13 ዲግሪ ነው እንበል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከጎንደር 2,400 ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ እዚያ 15 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ከዜሮ በታች 2 ይመጣል። እኛ ጋ ዝናብ የሆነው ደመና እዚያ ሐመዳ ሆኖ ይወርዳል። ትክል ድንጋይ ላይ ይህ እንዲሆን አሥራ ሦስት ዲግሪ መውደቅ አለበት፤ በዝናብ ሌሊት ደግሞ ያ አይሆንም።

ከዚህ ሒሳብ የሚገርም ነገር ይወጣል። በታኅሣሥና በጥር ስሜን ከነሐሴ ይልቅ ይበርዳል፤ ግን ሰማዩ ደረቅ ስለሆነ የሚወርድ ነገር የለም፤ ያለው ውርጭ ነው። የስሜን በረዶ በአብዛኛው የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ፣ አውሮፓ በሙቀት በሚነድበት ወር ነው። የፈረንጅን ብርዳማ ወቅት «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን፤ የእኛ ክረምት ግን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀው የዝናብ ወቅት ነው። «የክረምት በረዶ» ስንል በእኛም አገር እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጨነቅ አድረን ነበር። ሌሊቱን በሙሉ ዘነበብን። ሲነጋ ጉሙ ሲገለጥ ቧሂት አናቱ ነጭ ሆኖ ታየ። ወደ ላይ ስንወጣ ነጩ ነገር ከጓሳው ላይ ተኝቶ አገኘነው፤ በማስመሪያዬ ለካሁት፤ አራት ሣንቲ ሜትር። በጣሳ አቅልጬ ስለካው ግን ግማሽ ሣንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም፤ በአብዛኛው አየር ነው። ከሩቅ ያስፈራ የነበረው ነገር በእጅ ሲያዝ ይህን ያህል ቀላል ነው። አብሮን የነበረ የአካባቢው እረኛ ስንደነቅ አይቶ ተገረመ፤ ለእሱ ብርቅ አልነበረም። «ይሄማ ደግ ነው» አለን። «ይሄ ገብስ አይሰብርም። ክፉው ያ ድንጋዩ ነው፤ ከእሱም የሚከፋው ጥርት ያለ ሌሊት ነው።» ሦስቱንም ዓምዶቼን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሳቸው። ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቧሂት እንደ ወትሮው ጥቁር ነበር።

እረኛው እንዳለው ሦስቱ ለሰው የሚያመጡት ነገር አንድ አይደለም። ድንጋዩ በረዶ በደቂቃ ይመታል፤ ከመታ በኋላ ምን ይዘራ የሚለውን ወዲያው መወሰን ይጠይቃል። ውርጭ ማታውኑ ምልክት ይሰጣል፤ ለሚያውቅ ሰው የአንድ ምሽት ዕድል አለው። ሐመዳው ደግሞ ለስሜን ውሃ ነው። «በረዶ መታን» ብለን በአንድ ቃል ከጠቀለልነው፣ ለሚጠይቀን ባለሙያም፣ ለሚረዳንም ሰው ምን እንደደረሰብን አልነገርነውም። ከሁሉ በላይ፣ ከየት እንደመጣ በማናውቀው ነገር የቅርቡን ሰው ወደ መውቀስ እንሄዳለን። የተለካ መስመር ግን ማንንም አያሳጣም።

ይህን ጋዜጣ ከልጆቻችሁ ጋር የምታነቡ ወላጆች አንድ ነገር ብትሞክሩ ደስ ይለኛል። ደብተር ስጧቸው። በረዶ ሲጥል የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ፍሬው የምስር፣ የሽምብራ፣ የባቄላ ያህል ነው እያሉ በሚያውቁት እህል ይመዝግቡ። እስኪያባራ ቤት ውስጥ ይቆዩ፤ ከመብረቅ ጋር ስለሚመጣ ለመልቀም አይሩጡ። ካባራ በኋላ ከጎረቤት ልጆች ጋር የት የት እንደወደቀ፣ የት እንዳልወደቀ ይጠያየቁ። በኅዳር ጠዋት ሣሩ ነጭ ከሆነ ይጻፉ፤ ሳይነጣ ቅጠሉ ከጠቆረም ይጻፉ። ስሜንን በነሐሴ ንጋት የሚያይ ዘመድ ካላቸውም ሦስተኛውን ዓምድ ስልክ ደውለው ይሙሉት። ለመለኪያ የኒዶ ጣሳ ይበቃል፤ ብቻ ከቤቱ ክዳንና ከዛፉ ራቅ አድርጋችሁ ዶሮ በማይገለብጠው ቦታ አስቀምጡት።